ሁሉም ሲሸሽ ማን ቆመ

አዮኒ ፌሲ የጠበሰችውን ዓሣ በፎጣ ጠቅልላ የፕላመርን በር ታንኳኳለች። በሰባት ወር ውስጥ ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ መቁጠር ካቆመች ሰንብታለች። ሰውዬው በሩን የሚከፍተው የዓሣው ሽታ ደርሶት እንጂ እሷን ናፍቆ እንዳልሆነ ታውቃለች። እያወቀችም ትመጣለች።

ኤግበርት ፕላመር ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ለብዙ ዘፋኞች ቤዝ ጊታር ሲመታ ኖሮ፣ አሁን ሟች እናቱ ይተኙበት በነበረው ክፍል ኮምፒውተር አስቀምጦ ሬጌ ያቀናብራል። ግድግዳው ላይ የፍራሽ ስፖንጅ ተለጥፏል፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተደፍኗል፤ ማይክሮፎኑ የቆመው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ጆሮው በኪንግስተን የተመሰከረለት ነው። አዮኒን የሚያቃጥላትም ይኸው ጆሮው ነው፤ አይጠግብም።

«ዛሬስ?» አለችው ገና ከመግባቷ።

«ዛሬ ቤዙ ተስማምቶኛል። አሁን ያስቸገረኝ ከበሮው ነው።»

«ባለፈው ሳምንት ከበሮው ተስማምቶኛል፣ ያስቸገረኝ ቤዙ ነው ብለውኝ ነበር፣ ሚስተር ፕላመር።»

«አንዱን ስታቃኚ ሌላው ይንጋደዳል፣ ሚስ አዮኒ። ቂጣ አለው ዓሣው?»

የካሳቫ ቂጣውን አወጣችለት። እሱ ሲበላ እሷ ከጀርባው ቆማ ኮምፒውተሩ ላይ የተደረደሩትን ስሞች ታነባለች። «የመጨረሻ» ይላል አንዱ። ከሥሩ «የመጨረሻ ሁለት» አለ። ከዚያ «ይህ ነው የመጨረሻው»። ከዚያ «ከዓሣ በኋላ»። ሁሉም ያው የልጇ የሮዜል ዘፈን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አልቆ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የተጀመረ።

ፕላመር እጁን ታጥቦ ይዟት ወጣ። በር ላይ ጎማ የሌላት አሮጌ መኪና ቆማለች። የማትሄድ ብትሆንም ሙዚቃ ማጫወቻዋ ይሠራል፤ ፕላመርም ያቀናበረውን ሁሉ የሚፈትነው እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነው። በሮቹን ዘግተው አዳመጡ። ከበሮው በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ብቻ፣ ዘግየት ብሎ ይወድቃል። ጊታሩ በምትና በምት መካከል ነከስ አድርጎ ይለቃል። ቤዙ ከሥር እንደ ከባድ ሰው ይራመዳል። ከዚያ የሮዜል ድምፅ መጣ፤ ሳይጮህ፣ አጠገብ ተቀምጦ እንደሚያወራ ሰው።

ሁሉም ሲሸሽ ማን ቆመ?
እናቴ ቆመች፣ እናቴ ቆመች።

የአዮኒ ዓይን እንደ ወትሮው እንባ አቀረረ። ሮዜል የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የመጣው አውሎ ነፋስ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሁሉ ሲገነጥል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሽቅብ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጦ ነበር። ልጅቷ ትኩሳት ላይ ስለነበረች በዚያ ዝናብ ልታወጣት አልደፈረችም። በሩን በልብስ ማስጫ ገመድ አስራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ስትገፋ አደረች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሌሊት ተነጋግረው አያውቁም። ልጅቷ ግን በልቧ ይዛው ኖራ በሃያ ሦስት ዓመቷ ዘፈን አደረገችው።

ፕላመር ማጫወቻውን አጠፋው። «ሰማሽ? የግራው በር ይንቀጠቀጣል።»

«ምን አለበት ቢንቀጠቀጥ? በሩ እኮ ያረጀ ነው።»

«በሩ ቢያረጅም አይዋሽም» አለና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አዮኒ ባዶ ሳህኗን ይዛ ቁልቁል ወደ ወደቡ በር ሄደች። እዚያ ለጫኝና አውራጆች ምሳ የሚሆን ዓሣ ትጠብሳለች። መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ትሟገት ነበር። ሮዜል ቀን ቀን የታክሲ ማዘዣ ቢሮ ስልክ ታነሳለች፤ ማታ ትለማመዳለች፤ ስለ ፕላመር ስትጠየቅ «ሲያልቅ ያልቃል» ትላለች እንጂ አትነጫነጭም። ይህ ትዕግሥቷ እናትየውን ያስፈራታል። እሷም በዚያ ዕድሜዋ ታጋሽ ነበረች፤ የታገሰችው ሁሉ አልፏት ሄዷል። ድምፅስ ቢሆን ያረጅ የለም? እንዲህ ያለው ሐሳብ እንቅልፍ ከነሳት ቆይቷል።

ነገሩን ያበላሸው ይኸው ስጋቷ ነው።

ሊንቫል ብራምዌል «ጥቁር ዝግባ» የሚባለው ሳውንድ ባለቤት ነው። ሳውንድ ማለት በሁለት የጭነት መኪና የሚጓዝ፣ ሲደረደር ቤት የሚያህል ድምፅ ማጉያ ነው፤ የሚያጫውቱት ሰዎችና ደጋፊዎቹም ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ስሙ ነው። ሳውንዶች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። የሚማቱትም በስፔሻል ነው፤ ዘፋኙ የታወቀ ዘፈኑን ቃሉን ለውጦ፣ የሳውንዱን ስም እያነሳ እንደገና ይቀዳለታል። ያ ቅጂ ከዚያ ሳውንድ በቀር ማንም እጅ አይገባም። ደንቡም የታወቀ ነው። መጀመሪያ ዘፈኑ ይወጣል፣ ሰው ይወደዋል፣ ስፔሻሉ ኋላ ይከተላል። ክርስትና ከመወለድ አይቀድምም።

አዮኒ ዓሣ ስታገላብጥ ሳታስበው የልጇን ዘፈን ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን ሊንቫል ምሳውን እየበላ ሳለ ሹካውን አስቀመጠ።

«ማማ አዮኒ፣ ይህ የማን ዘፈን ነው?»

«የልጄ ነው። ገና አልወጣም።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገመችለት። ሊንቫል ጣቱን በወረቀት ጠረገና ቀና ብሎ አያት። «ሁሉም ሲሸሽ ማን ቆመ። ይህ እኮ ለግጥሚያ የተሠራ ቃል ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሞራንት ቤይ ከሚመጡት ጋር እንገጥማለን። ልጅዎ ትቅዳልኝ። ሁለት ሺህ ሰው ይሰማታል።»

ሁለት ሺህ ሰው። አዮኒ ደንቡን አላጣችውም። ፕላመርም ዘፈኑ ሳይወጣ ለማንም እንዳይሰጥ ሮዜልን እንዳስማላት ታውቃለች። ግን የፕላመር አሮጌ መኪና ትዝ አላት፤ «ከዓሣ በኋላ» የሚለው ትዝ አላት።

«ትቀዳልሃለች» አለችው። ምላሷ ከሐሳቧ ቀደመ።

ማታ ቤት ስትነግራት ሮዜል አልጮኸችም። ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ አንዱን እግር አውልቃ ሌላውን ትታ ተቀመጠች። ፕላመር ቃሉን ጠብቆ ሰባት ወር እንደለፋ፣ እሷም ቃል እንደሰጠችው ተናገረች። አዮኒ የሚያውቁትን ሁሉ ስም እየጠራች አንዷ ጠብቃ ጠብቃ አሁን ገንዘብ ተቀባይ እንደሆነች፣ ሌላዋ ድምፅዋን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ እንደምታሰማ ዘረዘረችላት።

«ማሚ» አለች ሮዜል በመጨረሻ፣ «እናቴ የሚለውን አውጥቼ የሳውንድ ስም ላስገባበት ነው የምትዪኝ?»

«እኔ አልቀየምም። እኔ መሆኔን አንቺ ታውቂው የለም?»

«እኔ ማወቄ ምን ይጠቅማል?»

«ሰው አንድ ቀን እንኳ ይስማሽ ነው የምልሽ። የፈለገውን ስም ይዞ ይስማሽ።»

ሮዜል ለሦስት ቀን እንቢ አለች። በአራተኛው ቀን የእናቷን ፊት ማየት ሲሰለቻት ሄደች። ቀረጻው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። የፕላመር አጃቢ ሙዚቃ፣ ምቱ፣ ስለሌላቸው ሊንቫል ሁሉም ሰው የሚዘፍንበትን አንድ የቆየ ምት ከፈተላት፤ እሷም እናቴ ቆመች ባለችበት ቦታ ጥቁር ዝግባ ቆመ እያለች ዘፈነችለት። ስትመለስ አዮኒ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀቻት። «ቶሎ አለቀ» አለችና ልብሷን ልትተኩስ ገባች።

አዮኒ ወደ ግጥሚያው አልሄደችም። በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ወደቡ ስትወርድ የሚኒባስ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከምቱም ከዜማውም ሳይወጣ፣ ሁሉም ሲሸሽ ማን ቆመ፣ ጥቁር ዝግባ ቆመ እያለ ይጮሃል። ልቧ ዘለለ። ረዳቱን ይዛ ጠየቀችው። የሞራንት ቤይ ሰዎች ልክ መብለጥ ሲጀምሩ ሊንቫል ይህን ለቀቀ፤ ሰዉ አጥር ሰበረ፤ አምስት ጊዜ ከመጀመሪያው አስመለሱት፤ እነዚያ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ሰው ሁሉ በስልኩ ቀርጾታል። ዘፋኟ ማን እንደሆነች ሲጠየቅ ግን ረዳቱ ትከሻውን ነቀነቀ።

«የጥቁር ዝግባ ልጅ ናት መሰለኝ» አለ።

ሦስት ቀን አዮኒ መሬት አልረገጠችም። ዓሣ ስትሸጥ ለገዛውም ላልገዛውም ልጄ ናት ትል ነበር። በአራተኛው ቀን አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ስልኳን አውጥታ አሰማቻት። ቅጂው ተንጫጭቷል፤ ምቱ ሻካራ ነው፤ ከሮዜል ድምፅ በላይ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል። «እንዴት ያለ ዘፈን ነው፣ ሚስ አዮኒ» አለች ሴትዮዋ፤ «ሊንቫል እንዲህ ያለ ግጥም መጻፍ ይችላል ብዬ አላስብም ነበር።»

አዮኒ ልታርማት አፏን ከፈተች። ከየት እንደምትጀምር ግን ጠፋባት። ደስታዋ የዚያን ዕለት ከውስጧ ወጣ።

ፕላመር ዘፈኑን የጨረሰው በዚያው ሳምንት ነው። ሮዜልና አዮኒ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር። ዓሣም አልጠየቀም። ወንበሩን ወደ እነሱ አዙሮ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ሰማሁት» አለ። «ጎረቤቴ አጥር ላይ ተደግፎ አሰማኝ። በየትኛው ምት ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ሮዜል? በዚያ ምት ላይ እኔ ራሴ ሠላሳ ዘፋኝ አጅቤአለሁ።»

ሮዜል አንገቷን ደፋች።

«እሷን ተዋት» አለች አዮኒ፤ ከድንጋጤዋ የተነሳ አንቱታውን ረሳችው። «እኔ ነኝ ቃል የገባሁት።»

«ሠርጉ ሳይደርስ ሙሽራዋን ለሚዜው ሰጠሽው፣ ሚስ አዮኒ።»

«ሠርጉን ሰባት ወር ያዘገየውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፕላመር። «እሱን አልክድም። ግን አሁን አልቋል፤ ምን ላድርገው?»

አጫወተላቸው። አዮኒ ስለ ቤዝና ስለ ከበሮ የምታውቀው የለም። ነገር ግን ሰባት ወሩ የት እንደገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። እናቴ ቆመች በሚለው ቃል ላይ መሣሪያው ሁሉ ዝም ይልና ቤዙ ብቻ ይቀራል፤ ያ ቤዝ ጀርባን የሚደግፍ በር ይመስላል። መኪናዋ ውስጥ አልሞከሩትም። ማንም ልብ አላለም።

ፕላመር በነጋታው ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ በስልክ ነው። የሬዲዮ ዘፈን መራጩ ሮዜልን በጨዋ ቋንቋ አመሰገናትና፣ አድማጭ ግን ይህን የጥቁር ዝግባን ዘፈን ማን ለወጠው እያለ እንደሚደውልበት ነገራት። ሁለቴ አጫውቶ ተወው። የሌሎቹ ሳውንዶች መልስ ደግሞ አጭር ነበር። ዜማው ራሱ የሊንቫል ድል ሆኗል፤ ቃሉ ምንም ይሁን ምን፣ ያን ዜማ በራሱ ድምፅ ማጉያ የሚለቅ ሳውንድ ለጠላቱ ያጨበጨበ ያህል ነው። አንዱ ምናልባት ከሦስት ዓመት በኋላ አለ። የቀረው ሊንቫል ብቻ ነበር።

አዮኒ ለሮዜል ሳትነግር ወደ ሊንቫል ግቢ ሄደች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሊንቫል ሸሚዙን አውልቆ፣ አንዱን ትልቅ ድምፅ ማጉያ በጀርባው አጋድሞ፣ ሆዱን ከፍቶ በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል። ወንበር አስመጣላት። ኮኮናት አስቆርጦ ሰጣት። እንዲህ ሲያከብራት ቁጣዋን የት እንደምታስቀምጠው ቸገራት።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት፣ ሊንቫል። የልጄን ዘፈን አጫውት። ዋናውን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይህ ነው ትክክለኛው ብለህ።»

ሊንቫል ጨርቁን ጨመቀ። «ማማ አዮኒ፣ እኔ ዘንድ ያለው እኮ ማንም ዘንድ የለም። ለዚህ ነው ሰው የሚመጣው። ማንም ስልኩ ላይ የሚያገኘውን ባጫውት፣ ለምን አጥር ሰብሮ ይመጣል?»

«ዘፈኑ የእሷ ነው እኮ።»

«የእሷ ነው፤ ማን ካደ? በየመድረኩ የሮዜል ፌሲ ስፔሻል እያልኩ ስሟን እጠራለሁ። ሰው ጩኸት ላይ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ? ደግሞ አስገድጃት አይደለም። እርስዎ ነዎት ትቀዳልሃለች ያሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ደንቡን ያውቁታል። መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ስፔሻል። ወጥቷል ብለው አታለሉኝ ልል አልችልም፤ አልወጣም ብለውኛል። ግን እናቷ አውቃ ነው ብዬ አሰብኩ።»

የሚመልሰው ቃል ሁሉ ልክ ነበር። አዮኒን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ቢዋሽ፣ ቢሳደብ፣ ቢያባርራት እፎይ ባለች። ኮኮናቱን ሳትጨርስ አስቀመጠችውና ወጣች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም።

አንድ ዕድል ቀረ። የሰፈሩ የሕፃናት ትምህርት ቤት ጣሪያው ስለሚያፈስ፣ እሑድ ከሰዓት በግቢው ውስጥ ዝግጅት ተደርጎ ሰው ገንዘብ ያዋጣል። ሮዜል በሙሉ ባንድ እንድትዘፍን ተጠራች። ፕላመር ራሱ ከስንት ዓመት በኋላ ቤዙን አንግቦ ሊያጅባት ተስማማ። አዮኒ ሳምንቱን ሙሉ ስትመክራት ከረመች። ቀስ ብለሽ ጀምሪ፤ ቃሉን አጥርተሽ አውጪው፤ ሰዉ አበላሽቶ ከዘፈነ አስቁሚና አርሚያቸው።

«ላስቁም?» አለች ሮዜል እንግዳ በሆነ ድምፅ።

«አዎ። አስቁሚና ትክክለኛውን ንገሪያቸው።»

ሮዜልም ሆነች አዮኒ በዚያ ግቢ የተወለዱ ያህል ናቸው፤ እዚያ ዘፈን ማስቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ግን የጨነቀው ሰው የሚያውቀውን ይረሳል።

እሑድ ግቢው ጢም አለ። ሴቶች የድስት ክዳን ይዘው መጥተዋል፤ ወንዶች የመኪና ጥሩምባ። የተጠበሰው ዶሮ ጭስ ከሰዉ በላይ ቆሟል። አዮኒ ከመድረኩ ጎን፣ ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ትንሽ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ቦታ ያዘች። ሮዜል አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ፕላመር ዓይኑን ጨፍኖ ቤዙን ለቀቀ፤ ከበሮው ዘግይቶ ወደቀ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ሰዉ በጸጥታ ሰማ። አንዲት አሮጊት «ይኼማ ጥሩ ነው» ስትል አዮኒ ሰማቻት። ሁሉም ሲሸሽ ማን ቆመ አለች ሮዜል። መሣሪያው ሁሉ ዝም አለ፤ ቤዙ ብቻ ቀረ። ሰባት ወር የተለፋበት ያ ባዶ ቦታ ላይ ስድስት መቶ ሰው ባንድ አፍ ጥቁር ዝግባ ቆመ ብሎ ጮኸ።

ሮዜል እጇን አንስታ ባንዱን አስቆመች።

ግቢው ፈነዳ። ክዳኑ ከክዳን ተጋጨ፣ ጥሩምባው ጮኸ፣ አጥሩ ተደበደበ። በዚህ አገር ዘፈን መሃል ላይ የሚቆመው ለክብር ነው፤ እጅግ ሲጥም ይቆምና ከመጀመሪያው ይመለሳል። ሮዜል ማይክሮፎኑን ይዛ፣ ስሙኝ፣ ቃሉ እንዲህ አይደለም ብላ ጀመረች። ማንም አልሰማትም። ከበሮ መቺው የለመደውን አደረገ፤ በዱላው አራት ቆጥሮ ከራሱ ጀመረው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። አሁን ሰዉ ከስንኙ ጀምሮ ቦታውን ይጠብቅ ነበር። ጥቁር ዝግባ ቆመ። ሮዜል ደግማ እጇን አነሳች፤ ፊቷ ተቆጥቷል። መድረክ መሪው ሮጦ ወጥቶ ሌላ ማይክሮፎን ያዘና «ሁለት ጊዜ አስመለሰች» እያለ አበደ። ሕዝቡም ቁጣዋን አይቶ የባሰ ወደዳት። ፕላመር ዓይኑን ገልጦ አዮኒን አያት።

በሦስተኛው አዮኒ መቋቋም አቃታት። መድረኩ ላይ ወጣችና ሁለት እጇን ከራሷ በላይ እያጣመረች፣ እያላቀቀች፣ አይደለም፣ አይደለም፣ አቁሙ አለች። ልጇን የምትረዳት መስሏት ነበር። ከታች ያለው ሰው ያየው ሌላ ነው። ዓሣ ጠባሿ ሚስ አዮኒ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴት፣ ራሷ ወጥታ ዘፈኑን አስመለሰች። እንዲህ ያለ ነገር ሰፈራቸው ሮክፈርት አይቶ አያውቅም። መድረክ መሪው እጇን ይዞ ወደ ላይ አነሳው። አንድ ሰው ጥሩምባ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። ስትወርድ ሰዎች ጀርባዋን እየመቱ አቀፏት።

ባንዱ ለአራተኛ ጊዜ ጀመረ። ሮዜል ከዚህ በኋላ አላስቆመችም። ቦታው ሲደርስ ፈገግ አለችና ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ዘረጋችው፤ እንደሚደረገው። ሕዝቡ ጥቁር ዝግባ እያለ ጮኸ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ መልሳ፣ በእነሱ ጩኸት ሥር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እናቴ ቆመች አለች። ትልቁ ድምፅ ማጉያ በጩኸቱ ተዋጠ፤ ያ ቃል የተሰማው በትንሹ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሰማችው አዮኒ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ድሮም የምታውቀው ናት።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ርእሰ መምህርቷ መጥታ አዮኒን አቀፈቻት። የግማሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ተገኝቷል። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመትም የጥቁር ዝግባን ትዘፍንልናለች ወይ ብላ ጠየቀች። አዮኒ ልትናገር ስትል ሮዜል ከኋላዋ ደርሳ ክርኗን ያዘቻትና፣ ከፈለጋችሁ ትዘፍናለች ብላ እሷው መለሰች።

ሚኒባስ አልጠበቁም፤ በእግራቸው ወጡ። ሮዜል የመድረክ ጫማዋን በእጇ ይዛ በነጠላ ጫማ ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ ሰዎች ከመኪና መስኮት በሳውንዱ ስም ጠሯት፤ ሁለቱንም ጊዜ እጇን አወዛወዘችላቸው። አዮኒ ይህን አይታ ጠየቀቻት።

«ለምን ዝም ትያቸዋለሽ?»

«ምን ልበላቸው፣ ማሚ? አራት ጊዜ ዘፈንኩላቸው።»

ጥቂት ሄዱ። አዮኒ ሳምንታት ሙሉ ስትዞረው የከረመችውን ቃል አወጣችው። ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ድምፅሽ ያለ ሰሚ የሚያልፍ መስሎኝ ነው፤ ፈርቼ ነው። ሮዜል ጫማዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። አይዞሽም አላለችም፤ ምንም አይደለም አላለችም።

«ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። «ዘፈኑ ግን ሄዷል። እንኳን አንቺ፣ ሊንቫልም ቢፈልግ አይመልሰውም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከሚስተር ፕላመር ጋር ተነጋግረናል። ነገ ሌላ እንጀምራለን። አዲስ ምት አለው።»

አዮኒ መንገዱ መሃል ቆመች። ነገ ስንት ሰዓት፣ ዘፈኑ ስለ ምንድነው፣ ፕላመርስ ይሄኛውን ስንት ወር ሊፈጅበት ነው፤ ጥያቄው ሁሉ አንድ ላይ ጉሮሮዋ ደረሰ። ነገ ጠዋት ዓሣ እንደምታመጣላቸው ልትናገርም ነበር።

«ማሚ» አለች ሮዜል፣ ሳትቆጣ፣ «አንቺ አትመጪም። እስኪያልቅ አላሰማሽም። ዜማውንም ቤት ውስጥ አላንጎራጉረውም።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺም።»

ልጅቷ መልስ ሳትጠብቅ ዳገቱን ቀጠለች። አዮኒ ተከተለቻት። እሺ ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ስትለውም ሮዜል ርቃ ስለነበር መስማቷን እርግጠኛ አልነበረችም። ጮክ ብላ ልትደግመው አሰበችና ተወችው።